«ድሃ ነኝ» ብለው ያልማሉት ሰው

የያዙኝ ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። ጠመኔው ገና ከጣቴ አልለቀቀም ነበር። ሁለት ፖሊሶች ግራና ቀኝ ያዙኝና ልጆቹ በመስኮት እያዩ ቁልቁል ነዱኝ። አንዱ እጁን በአንገቴ ላይ ጥሎ ስለነበር ቀና ማለት አልቻልኩም። ስለዚህ ወህኒ ቤቱን መጀመሪያ ያወቅሁት በመሬቱ ነው። እስከ በሩ ደረቅ አቧራ ነበር፤ ከበሩ ወዲህ ጭቃ ሆነ፤ ዝናብ ግን አልዘነበም።

ጥፋቴ ማንበብ ነው። ያኔ ስለ መሬት ልኬትና ስለ አዲስ ግብር አዋጅ ወጥቶ ነበር። በገበያ ቀን ቢለፈፍም ገበሬው በደንብ አልገባውም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ከበቡኝና አንብብልን አሉኝ። አነበብኩላቸው። አንዱ ገበሬ፣ ልኬቱ በደል ያለበት የመሰለው ሰው ምን ያደርጋል ብሎ ጠየቀኝ። አቤት ማለት ይችላል አልኩት። በቃ፣ ይህችው ናት። ክሱ ላይ ግን ሕዝብን በመንግሥት ላይ ማነሣሣት ተብላ ተጻፈች፤ ፍርዱም ብዙ ሳይቆይ መጣ። ለወጣት ሰው ረጅም እስራት ነበር።

ወህኒ ቤቱ በጋይንት ምድር ካሉት ከተሞች በአንዱ ነው፤ ስሙን ልተወው። የገባሁበት ክፍል የድንጋይ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣራ ነበረው። መስኮት የለውም። ግድግዳውና ጣራው በሚገናኙበት ክፍተት ጠዋት ጠዋት ጉም ይገባና ከሰዎቹ ትንፋሽ ጋር ይቀላቀላል። ከታች ገለባ ተነጥፏል፤ ገለባው የብዙ ሰው ላብና ሽንት ጠጥቶ ጠቁሯል። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ ሰዎቹን ያወቅኋቸው በሳላቸው ነው።

የወህኒ ቤቱ እግር ብረት ከእስረኛው ስለሚያንስ ሁለት ሁለት ሰው በአንድ ሰንሰለት ይቆራኛል። የኔን ቀኝ እግር ከአንድ ሽማግሌ ግራ እግር ጋር አደረጉት። ቀጥቃጩ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ብረቱን ሲመታ መዶሻው እየሳተ ይወርድ ነበር። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ቁርጭምጭሚቴን ጋረዱልኝ። ቀስ በል፣ ልጅ ነው አሉት። መዶሻው አንዴ የእሳቸውን ጣት አገኘው። ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱት እንጂ ምንም አላሉም።

ከስማዳ ናቸው፤ ከወገዳ ወዲያ፣ ደጋው አልቆ ቆላው ከሚጀምርበት አፋፍ። የእሳቸውም ጥፋት ከኔው ጥፋት ጋር የሚዛመድ ነበር። ልኬቱ ወደ አገራቸው ሲደርስ፣ የቀበሌው ጭቃ ሹም ከለኪዎቹ ፊት ፊት እየሄደ የእያንዳንዱን ማሳ ባለቤት የሚናገረው እሱ ሆነ። ከወንዙ አጠገብ ያለችውን የሽማግሌውን ማሳ ከድሮ ጀምሮ ይመኛት ነበርና፣ የኔ ናት ብሎ በዙሪያዋ ችካል አስተከለ። ሽማግሌው በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ችካሉን አንድ በአንድ ነቀሉ። ከዚያም እንደ እንጨት ታቅፈው ወስደው ከጭቃ ሹሙ ደጅ ደርድረው አስቀመጡለት። ሰው አልመቱም፤ ክፉ ቃልም አልወጣቸውም። በማግሥቱ ግን ጎረቤቶቻቸውም መንቀል ጀመሩ። በዚህ ምክንያት እሳቸውም እንደኔ ሕዝብ አነሣሽ ሆኑ። በሬዎቻቸውን ጭቃ ሹሙ ለመቀጫ ነው ብሎ ነድቶ ወሰዳቸው።

ከሰው ጋር ተቆራኝቶ መኖር ምን እንደሆነ ያልታሰረ ሰው አያውቀውም። አንዱ ሲዞር ሌላው ይነቃል። አንዱ ሲያመው ሌላው አይተኛም። ወደ መጸዳጃው ጉድጓድ የሚኬደው አብሮ ነው። መጀመሪያ ቀን ከኀፍረት የተነሣ አልችል ስል ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጡኝና ወደ ጉና ተራራ እያዩ፣ ዘንድሮ ደመናው ቶሎ ለቀቀ፣ ገብሱ ይደርሳል እያሉ ብቻቸውን ያወሩ ጀመር። ከዚያ ወዲያ እዚያ በሄድን ቁጥር ስለ ሰማይ ያወሩልኛል። እኔን ለማሳረፍ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ወህኒ ቤቱ የሚሰጠው ትንሽ ንፍሮ ሰው አያቆምም። ስንቅ የሚያመጣለት ያለው ይበላል፤ የሌለው ያለውን እያየ ይሰነብታል። እኔ የሚያመጣልኝ አልነበረኝም። የሽማግሌው ባለቤት ግን ከስማዳ ድረስ በእግራቸው እየመጡ በሶ በቅል ያመጣሉ። በሩ ላይ መፋቂያ ከአፉ የማይለይ አንድ ዘበኛ ነበር። ፍተሻ ነው ይልና ያንኑ መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ በሶው ውስጥ እየወጋ ያማስለዋል፤ ከዚያ መልሶ ይጎርሰዋል። ሴትዮዋ እያዩት ቆመው ይጠብቃሉ። ሽማግሌው በሶውን ተቀብለው ከፍለው ይሰጡኛል። እኔ ስጠየፍ፣ ብላ፣ እህሉ ምን አደረገ ይሉኛል።

ከሁለታችን ማንም ፍርዱን አልተቀበለም። ይግባኝ ለማለት ግን የዳኝነት ገንዘብ መክፈል ያስፈልጋል፤ ያ ለሁለታችንም የማይታሰብ ነበር። የማይችል ሰው በድሃ ደንብ ይግባኝ ማለት እንደሚፈቀድለት አውቅ ነበር። እስረኛው ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ መሬትም ከብትም ገንዘብም የለኝም ብሎ በወንጌል ይምላል፤ የሚያውቀው ሰው ይመሰክርለታል፤ ከዚያ ሳይከፍል ይግባኙ ይታይለታል። ሕጉ ለድሃ ታስቦ የተሠራ ደግ ሕግ ነበር።

ይህንን ስነግራቸው እጃቸው ላይ የነበረውን በሶ መልሰው ቅሉ ውስጥ አደረጉት።

«መሬት የለኝም ብዬ ነው የምምለው?» አሉ።

«እንዲህ ነው የሚለው፣ አባቴ።»

«የታሰርኩትኮ መሬት አለኝ ብዬ ነው።»

ሲነጋ ግን እንቅረብ አሉኝ። ዳኛም ሰው ነው፤ ርስት እንደማይሸጥ ያውቃል፤ ቁጭ ብለው ቢያስረዱት ይገባዋል የሚል ተስፋ አደረባቸው። ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩ፤ ለሁለታችንም አንድ ቀን ተቀጠረ።

የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር። ሽማግሌው ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው ወጡ። ያ ጋቢ ባለቤታቸው የፈተሉት ነው። እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝና ጥበቡን አውቃለሁ፤ ድርና ማጉ የተስተካከለ፣ ሳይቸኩሉ የፈተሉት ነበር። በሩ ላይ ባለ መፋቂያው ዘበኛ አስቆመን።

«ድሃ ነኝ ልትል አይደል የምትሄደው?» አላቸው።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ድሃ እንዲህ ያለ ጋቢ አይለብስም። ዳኛው አይቶህ እንዳያባርርህ። ለራስህ ብዬ ነው።»

ጋቢውን ከላያቸው ገፈፈና አጥፎ ትከሻው ላይ ጣለው። ከሥር የቀረችው እጀ ጠባብ ጀርባዋ ላይ ተቀድዳ አጥንታቸው ይታይ ነበር። የኔን ኮት አየት አደረገና ተወው፤ የሚወሰድ አልነበረም። ከዚያ ራሱ ወደ ፍርድ ቤቱ ነዳን።

ፍርድ ቤቱ ከገበያው ማዶ ነው። ቅዳሜ ነበር፤ ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶታል። ሰንሰለቱ አጭር ስለሆነ ሁለታችን እግራችንን እኩል ካላነሣን አንዳችን እንወድቃለን። በባዶ እግራችን ውርጩን እየረገጥን፣ ሰውም አህያም መንገድ እየለቀቀልን አለፍን። ባለቤታቸው ከእህል ተራው ጥግ ቆመው ሲጠብቁ አየኋቸው። መጀመሪያ ባላቸውን አዩ፤ ቀጥለው ዘበኛው ትከሻ ላይ ያለውን ጋቢ አዩ። አፋቸውን በነጠላቸው ያዙና ከኋላችን ተከተሉ።

ዳኛው የደከማቸው ሰው ይመስሉ ነበር እንጂ ክፉ አይመስሉም። ጠረጴዛው ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ወንጌል ተቀምጧል። መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ተቆራኝተን ስለነበር ሽማግሌውም አብረውኝ ቀረቡ። መሬት አለህ ወይ ተባልኩ፤ የለኝም አልኩ። ከብትስ፤ የለኝም። አባትህስ አሉኝ። አባቴ ከእስቴ የመጣ ሸማኔ እንደነበረና ርስት ሳይኖረው እንደሞተ ተናገርኩ። ሸማኔ የምትለውን ቃል ስናገር ከኋላ ያለ ሰው ሲስቅ ሰማሁ። ልጅ ሆኜም ይኸው ሳቅ ነበር፤ ርስት የሌለው፣ አገር የሌለው እየተባልኩ ነው ያደግሁት። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ መሰከረልኝ፤ እጄን ወንጌሉ ላይ አድርጌ ማልኩ፤ ከክፍያ ነጻ ነህ ተባልኩ። ውኃ ጠጥቶ እስከ መጨረስ እንኳ አልፈጀም። ምንም የሌለው ሰው መሆኔ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ።

ቀጥሎ ሽማግሌውን ጠሩ። ስለ ንብረታቸው የሚመሰክር ማን አለ ሲባል ከኋላ አንድ ሰው ተነሣ። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል፤ ልብሱ ነጭ ነው። የሰንሰለቱ መንቀጥቀጥ እግሬ ላይ ሲሰማኝ ማን እንደሆነ አወቅሁ። ጭቃ ሹሙ ነበር።

እጅ ነሣና በለዘበ ድምፅ ተናገረ። ይህ ሰው በኔ ላይ ክፉ ሠርቷል፣ ነገር ግን እውነቱ አይደበቅም፣ ድሃ ነው አለ። በሬ የለውም፤ በአገራችን አንድ ስንዝር መሬት የለውም፤ ይግባኙ ቢታይለት እኔም ደስ ይለኛል፤ እግዜር ይቅር ይበለን አለ።

ችሎት የመጣው ሰው በአድናቆት አጉረመረመ። ዳኛው ራሳቸው ፊታቸው ፈታ አለ። ባላጋራህ እንኳ አዘነልህ፣ ዕድለኛ ነህ አሉ።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ሽማግሌው እጃቸውን ወንጌሉ ላይ አድርገው መሬት የለኝም ካሉ ቃላቸው ይጻፋል፤ ማኅተም ይመታበታል። ጭቃ ሹሙ ያንን ግልባጭ ይዞ ወደ ለኪዎቹ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ችካል የሚነቅል ሰው አይኖርም። ሰውየው የመጣው ሊከሳቸው አልነበረም። ሊመሰክርላቸው ነው የመጣው፤ ይህ ደግሞ ከክስ የከፋ ነበር።

ሽማግሌው ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ አሉ። ተፈቀደላቸው። ብርዱ ድምፃቸውን እየቆራረጠው ተናገሩ፤ መሬት እንዳላቸው፣ መሬቱ ግን የአባት ርስት ስለሆነ እንደማይሸጥ፣ በሬዎቻቸው እንደተነዱ፣ የሚከፍሉት እንደሌላቸው አስረዱ። «እንዲህ ያለ ሰው ምን ብሎ ይማል?» ብለው ጨረሱ።

ዳኛው ደንቡን ገለጡ። አነበቡት፤ መልሰው አነበቡት። ሕጉ የሚሸጥና የማይሸጥ መሬት አይለይም አሉ። መሬት ያለው ይከፍላል፤ የሌለው ይምላል። ከዚያ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አንተታውን ትተው ተናገሩ።

«አባት፣ አንድ ቃል ናት። ይበሉትና ይሂዱ።»

ጭቃ ሹሙም ከጎን ሆኖ፣ ማል እንጂ፣ ለነፍስህ አስብ አላቸው።

ሽማግሌው እጃቸውን ወንጌሉ ላይ አደረጉ። መዶሻ ያገኘው ጣታቸው ጥፍሩ ጠቁሮ ነበር። እኔ በሆዴ ይበሉት፣ ይበሉትና ይውጡ እያልኩ ነበር። ባለቤታቸው ከበሩ አጠገብ ቆመው፣ ነጠላቸው አሁንም አፋቸው ላይ ነው። ሽማግሌው እጃቸውን ከወንጌሉ አነሡት።

«መሬት አለኝ» አሉ። «በምሥራቅ ወንዙ። በምዕራብ የእኅቴ ልጆች። በላይ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ። በታች የአጎቴ ማሳ። ይጻፍልኝ።»

ጸሐፊው ዳኛውን አየ። ዳኛው ደንቡን ከደኑና ይጻፍ አሉ። ቀጥለው፣ በሚሰጣቸው የክፍያ ቀጠሮ ውስጥ ገንዘቡ ካልቀረበ ፍርዱ የጸና መሆኑን ነገሯቸው። ጭቃ ሹሙ ባርኔጣውን አደረገና እኛን ሳያይ ወጣ።

ውጭ ስንወጣ ባለቤታቸው ሊጠጉ ሲሉ ዘበኛው ዱላውን አጋድሞ ከለከላቸው። ከዱላው ወዲያ ማዶ ሆነው ነው የተናገሩት። ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጡም።

«ቃል ብቻ ነበረችኮ» አሏቸው። «እኔ እርስዎን ነበር የምፈልገው።»

«አውቃለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ገብሱ ደርሷል። እንዳይረግፍ አሳጭጂው።»

ሌላ ነገር አልተነጋገሩም። ዘበኛው ነዳን። ሁለቱ ከዚያ በኋላ አልተያዩም፤ አጨዳው ሳያልቅ ሽማግሌውን ወሰዷቸው።

ወህኒ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ሽማግሌው ጋቢያቸውን ጠየቁ። ዘበኛው ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ዘረጋና ራሱ ለበሰው።

«ድሃ አይደለሁም ብለሃል አሉ። ባለርስት ነህ። ሌላ አሠራ።»

ሌሎቹ ዘበኞች ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሽማግሌው ስም ባለርስቱ ሆነ። የክፍሉ የሽንት በርሜል ሲሞላ፣ ባለርስቱ፣ ማሳህን አጠጣ ይላሉ። ተሸክመን እንወጣለን፤ የተቆራኘሁ ስለሆንኩ እኔም አለሁበት። በርሜሉ ይሞላና ሲራመዱ ይፈሳል፤ በእግር ብረቱ ቁስል ላይ ሲፈስ ያቃጥላል። ባለርስቱ ተብለው በተጠሩ ቁጥር ሽማግሌው አቤት ይላሉ። ሳያኮርፉ፣ ሳይፈጥኑ፣ ሰው በደህና ስሙ ሲጠራው እንደሚለው አቤት ይላሉ።

ሳሉ የጀመራቸው በዚያው ሰሞን ነው። መጀመሪያ ደረቅ ነበር፤ ቆይቶ ጎናቸውን ይወጋቸው ጀመር። ኮቴን ለሁለት እንለብሳለን፤ ለሁለት አይበቃም። ሲያስሉ ሰንሰለቱ አብሮ ይንኳኳል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳላቸውን በብረቱ ድምፅ ለመደው። ሐኪም እንዲያያቸው የወህኒ ቤቱን አዛዥ ለመንኩት። አዛዡ፣ የቀጠሮው ጊዜ ሲያልፍ ወደ ትልቁ ወህኒ ቤት ይዛወራል፣ እዚያ ሐኪም አለ አለኝ። የመለሰልኝ በትሕትና ነበር።

ጊዜው አለፈ። ክፍያ አልቀረበም። ፍርዱ ጸና።

ሊወስዷቸው የመጡት ማለዳ፣ እስረኛው ግቢ ውስጥ በረድፍ ተቀምጦ ሲቆጠር ነው። ቀጥቃጩ መጥቶ ብረቱን ፈታው። እግሬ ቀለለኝ፤ መቅለሉን ጠላሁት። ወደ ትልቁ ወህኒ ቤት የሚኬደው መኪና እስከሚገኝበት ድረስ በእግር ነው። እንዳያመልጡ ብለው እጃቸውን ወደ ኋላ አሰሩት። ልሰናበታቸው ስል አዛዡ ወደ ረድፌ መለሰኝ። ሽማግሌው ዞረው አዩኝና፣ እግርህን በጨው ውኃ እጠበው፣ ቁስሉ እንዳያመረቅዝ አሉኝ። የመጨረሻ ቃላቸው ለኔ ይህ ነበር።

ቆጠራ ላይ ማንም ሰው ከተቀመጠበት መነሣት ክልክል ነበር። የተነሣ ይገረፋል። ሽማግሌው በተቀደደች እጀ ጠባባቸው፣ በረድፎቹ መካከል፣ ጎናቸውን አዘንብለው እየተራመዱ ወደ በሩ መሄድ ጀመሩ። ከኋላቸው ባለ መፋቂያው ዘበኛ ጋቢውን ለብሶ ይነዳቸዋል። በፊተኛው ረድፍ ጫፍ በበቅሎ ስርቆት የታሰረ አንድ የእስቴ ሰው ነበር፤ ከሽማግሌው ጋር ሲነጋገር እንኳ አይቼው አላውቅም። እሱ ተነሣ። እሱ ሲነሣ ቁራኛው አብሮ ተነሣ። ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ ተነሡ። ብረቱ እየተንኳኳ፣ እየተጎተተ፣ ረድፉ በሙሉ ተነሣ፤ ቀጥሎም ሁለተኛው ረድፍ። እኔም ተነሣሁ። ሽማግሌ ሲያልፍ የሚቀመጥ ሰው እንደሌለ ሁሉ ግቢው በሙሉ ቆመ።

ሽማግሌው ቆም አሉ። ግራ ተጋቡ፤ አፈሩ። ከዚያ ሰርግ ቤት እንደገባ ትልቅ ሰው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ኧረ በእግዜር። ኧረ ተቀመጡ፣ በማርያም» አሉ።

የተቀመጠ አልነበረም። በሩን አልፈው፣ ሳላቸው ከግንቡ ወዲያ እስኪርቅ ድረስ ቆምን።

ከዚያ በኋላ አዛዡ በረድፎቹ መካከል ተመላለሰ። መቆም ከወደዳችሁ ቁሙ አለ። ቆምን። ፀሐይ ወጣች፤ ከላያችን ሆነች፤ ወደ ማዶ አዘነበለች። ሚስቶችና እናቶች ያመጡት ስንቅ እፊታችን ጭቃው ላይ ተደፋ። የወደቀውን ሰው በአለንጋ ያስነሡታል፤ ሊነሣ ካልቻለ ቁራኛውን ይገርፉታል። የበቅሎው ሌባ ከሁሉ በፊት ስለተነሣ ከሁሉ በላይ ተገረፈ፤ አንድ ዓይኑ ከዚያ በኋላ ደህና አድርጎ አላየም። ጀምበር ስትጠልቅ ግቡ ተባልን። ያን ቀን አንድም ሰው የሽማግሌውን ነገር አላነሣም። ሁሉም እግሩን እያሸ ተኛ።

የኔ ይግባኝ ታየልኝ። ማንበብ ወንጀል አይደለም ተባለና ተለቀቅሁ። ጉልበቴ ሲመለስ በእግሬ ወደ ስማዳ ሄድኩ። ባለቤታቸውን ጥቁር ለብሰው አገኘኋቸው። ሽማግሌው ትልቁ ወህኒ ቤት ከገቡ በኋላ ክረምቱን አላዩም። የት እንደቀበሯቸው የነገራቸው ሰው የለም። ሴትዮዋ ወደ ማሳው ይዘውኝ ወረዱ። ጭቃ ሹሙ ለኪዎቹን መልሶ አምጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ችሎት ላይ የተጻፈው የሽማግሌው ቃል፣ ዳኛው ባለመሬት ነው ብለው ክፍያ የጠየቁበት፣ ከነወሰኑ፣ ከነማኅተሙ ቀረበበትና ሳይሆንለት ቀረ። የሽማግሌው ልጆች እያረሱት ነበር። አፈሩ ጥቁርና ለስላሳ ነው። ሴትዮዋ ከዳሩ ቆመው አዩት።

«ሰው ሁሉ እንኳን አልማሉ ይለኛል» አሉኝ። «እኔ ግን ቢምሉ እወድ ነበር።»

በኋላ ሥርዓቱ ወደቀ። ሌላ አዋጅ ወጣ፤ መሬቱም የጭቃ ሹሙም የልጆቹም ርስት ሳይሆን ቀረ። ያንን አዋጅ እኔ አላነበብኩም፤ ሌላ ሰው አነበበው። ሽማግሌው ይህ እንደሚመጣ ቢያውቁ ይምሉ ነበር ወይ ብዬ አንዳንዴ ራሴን እጠይቃለሁ። አይመስለኝም። ሴትዮዋ ግን ስተኛም ትዝ ይሉኛል።

አሁን አርጅቻለሁ። ለቅሶ ቤት፣ ማኅበር ቤት ስገባ ሰው ይነሣልኛል። ኧረ በእግዜር ማለት ወግ ነው፤ ሰዉ ቆሞ፣ እንግዳው አይቶ፣ ትንሽ ቆይቶ የሚባል ነው። እኔ ገና በሩን ሳልሻገር፣ ሰዎቹ ከወንበራቸው ሳይላቀቁ እጄን ዘርግቼ ተቀመጡ፣ ተቀመጡ እላለሁ። ልጆቼ፣ ይነሡልህ እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሃል ይሉኛል። እስኪቀመጡ ድረስ ግን እኔም አልቀመጥም።